የእንግዳ ዘር

እናቷ ፈሪሀ በስልክ የምታወራው ደሴ ካለው ወንድሟ ጋር ነበር። ጀዊሪያ ጓሮ ባለው ቧንቧ ፊቷን እየታጠበች ነው፤ የእናቷ ድምፅ በመስኮቱ ወንፊት አልፎ ጥርት ብሎ ይሰማታል። «ሰልዋማ ዛሬ ነው ቀኗ። ትልልቆቹ ሰዎች ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተውላታል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጓት ነው፤ ማሽአላህ በል እንጂ» አለች እናቷ። ከዚያ አዳመጠች። አጎቷ ስለ ትልቋ ልጅ፣ ስለ ጀዊሪያ፣ ጠይቆ መሆን አለበት፤ እናቷ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «እሷም አለች» አለችና ወደ ሽንኩርት ዋጋ ተሻገረች። ጀዊሪያ ሳሙናው ዓይኗን እስኪለበልባት ድረስ ውኃውን እንደከፈተች ቆማ ቀረች።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። ሁለት ሶፋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ የሰልዋ የማስተርስ ምረቃ ፎቶ። የጀዊሪያም ፎቶ ከጎኑ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ወረደ፣ ሚስማሩ ጠፋ፣ ከዚያ ተረሳ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ይህን ጀዊሪያ ራሷ ትመሰክራለች። የዛሬው ቁርስም በክፋት አልተሠራም። እንቁላል አንዱ ሃያ ብር በገባበት ጊዜ እናቷ ለሰልዋ ሁለት እንቁላል የጠበሰችው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ስለምትናገር ነው። ለጀዊሪያ ዳቦና ሻይ ቀረበላት፤ እሷ ጠዋት ሆዷ ምግብ እንደማይቀበል ድሮ ተናግራለች። ተናግራለች፣ እውነት ነው፤ ግን የተናገረችው ያኔ ታማ ሳለ ነበር። ሰልዋ ከእንቁላሉ ግማሹን ወደ እህቷ ሳህን ለመግፋት ሹካዋን አነሣች። ጀዊሪያ ሳህኗን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እናታቸው ሁለቱንም አይታ ሻይ ልትጨምር ተነሣች።

ሁለቱም የሚሠሩት ለአንድ የዘር ድርጅት ነው። ድርጅቱ አዲስ ዘር በገበሬ ማሳ ላይ ሲፈትን፣ ተመራማሪው የጻፈው መሬቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አይታ የምትፈርመው ጀዊሪያ ናት፤ የሥራዋ ስም ጥራት ተቆጣጣሪ ይባላል። ስምንት ዓመት ፈርማለች። ሰልዋ የተቀጠረችው በቅርቡ ነው፣ ተመራማሪ ሆና፤ ዘንድሮ ሮቢት አቅራቢያ ባስዘራችው ማሽላ ምክንያት ስሟ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ገነነ። ድቅል ዘር ነው፤ አጭር፣ ዛላው ከባድ፣ ፍሬው ነጭ። በዘገባዋ መሠረት፣ ከናሙና በተገመተው ምርት፣ ደጋሊት የሚባለውን የአገሩን ማሽላ ከእጥፍ በላይ በልጦታል። ጀዊሪያ ዘገባውን ስታነብ የተሰማትን ስሜት ቅናት ብላ አትጠራውም። ለራሷ ስትነግረው ስሙ ፍትሕ ነው። «ማን ከማን በፊት ገባ? ማን ጭቃውን ረገጠ?» ትላለች በልቧ። ሰልዋ ግን ጭቃውን ረግጣለች፤ ይህንንም ታውቀዋለች፣ እሱም ያናድዳታል።

በድርጅቱ መኪና ለእሷ የሚሆን ቦታ አልነበረም። እንግዶቹ አሉ፣ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሰለሞን አለ፣ ሰልዋ ደግሞ መንገድ ላይ እያስረዳች መሄድ አለባት። ስለዚህ ጀዊሪያ ቀድማ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሮቢት ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት የቲማቲም ሣጥን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከረዳቱ ጋር ትሟገታለች፤ ረዳቱ ለሣጥኑም ክፈይ ይላታል፣ እሷ ደግሞ ሣጥኑ የተቀመጠው የእኔ ጉልበት ላይ እንጂ ያንተ ወንበር ላይ አይደለም ትለዋለች። ተሳፋሪው ሳቀ። ጀዊሪያ አልሳቀችም። አስፋልቱ ዳር የታጨደው ማሽላ በየማሳው ቆሟል፤ ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ሰው የዘራውን የሚያይበት ወቅት ነው። እሷ የምታየው ግን ሌላ ሰው የዘራውን ብቻ እንደሆነ አሰበች።

የሼህ አሊ ማሳ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በቦይ ተጠልፎ ከሚደርስባቸው መሬቶች አንዱ ነው። በዚህ ቆላ የሰማዩ ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም፤ ማሽላውን የሚያደርሰው ክረምት ላይ ከደጋው ወርዶ በእርሻው ላይ የሚተኛው ጎርፍ ነው። ስትደርስ ሴቶቹ ከግራሩ ሥር ድስት ጥደው፣ ፍየሉ ታርዶ፣ ወንዶቹ ለእንግዶቹ ዳስ እየጣሉ ነበር። ሼህ አሊ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀበሏት። ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ አጎቷ፣ ስለ መንገዱ ደኅንነት ጠየቁ፤ ከዚያ፣ «እህትሽ ደረሰች?» አሉ። እየመጣች መሆኑን ነገረቻቸው።

ለሙከራው የተዘሩት ሁለቱ ማሳዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ በመካከላቸው አንድ የአፈር ድንበር አለ። በአንድ ወገን የድርጅቱ ዘር፣ ገበሬዎቹ «እንግዳው» የሚሉት፣ ሁሉም አንድ ልክ ቁመት፣ ዛላው ጎንበስ ብሎ። በሌላው ወገን ደጋሊት፣ ረጅም፣ ያልተስተካከለ፣ ከሥሩ አቀንጭራ የሚባለው አረም ሐምራዊ አበባ ደርቆ የቀረበት። ማንም ቢያይ የሚፈርደው ፍርድ አንድ ነው። ጀዊሪያ ግን ከልማድ የተነሣ ዛላ አታይም፤ ድንበሩን ይዛ እየሄደች መሬት ታያለች። እንግዳው ማሳ ውስጥ የደረቀው መሬት በሰፊው ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ደጋሊቱ ማሳ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ቀጭን ነው። ቆመች። ተንበረከከችና በእንግዳው ወገን ቆፈረች፤ ከላይ ያለው ደለል ቀለሙ ከሥሩ ካለው አፈር ይለያል፣ ከስንዝር የማያንስ ነው። ተሻግራ በደጋሊቱ ወገን ቆፈረች፤ ደለሉ የጣት ውፍረት የለውም። በየማሳው መካከልና ጫፍ ደጋግማ አየች። የትም ያው ነው፤ ሁለቱ ማሳ እኩል ጎርፍ አልጠጡም።

ያኔ ደስ አላት። ደስታው ከደረቷ ተነሥቶ ወደ ፊቷ ሲወጣ ታወቃት፤ ሰው አይቶኝ ይሆን ብላ ዘወር አለች። አይቷት ነበር። የጎርፉን ተራ የሚያከፋፍለው የውኃ አባት፣ እንዳለው የሚባለው ሰው፣ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ድንበሩ ላይ ቆሟል።

«ዛሬም እንደ ፍልፈል ትቆፍሪያለሽ?» አላት። «እህትሽ ዛላ ይዛ ፎቶ ትነሣለች፣ አንቺ ከሥር ጉድጓድ ትምሻለሽ። አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ?»

የዘንድሮው ጎርፍ እንዴት እንደተከፋፈለ ጠየቀችው። እንዳለው የሚደብቀው ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም ማንም እስካሁን ስላልጠየቀው ቅር ብሎት የቆየ ይመስል አካፋውን ተክሎ ተደግፎት በዝርዝር ነገራት። የመጀመሪያው ጎርፍ፣ የደጋውን እበትና ጥቁር አፈር ጠርጎ የሚያመጣው ሰቡ ጎርፍ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወረደ። ዕጣው የወጣው ለሙህሲን ነበር፣ ከታች ላለው ጎረቤት። ነገር ግን በሼህ አሊ መሬት ላይ የእንግዳ ዘር አለ። «እንግዳ ተጠምቶ ባለቤት ቢጠጣ ነውር ነው ተባባልን» አለ። «ሙህሲንም ወላሂ በደስታ ተራውን ለቀቀ። ጎርፉ እስኪያልቅ ድረስ ሙሉውን ለእንግዳው አጠጣነው።»

«ደጋሊቱስ?»

«ደጋሊቱማ የቤት ልጅ ነው። የቤት ልጅ ይታገሣል። ከሰነበተ በኋላ ሁለተኛው ጎርፍ መጣ፣ ቀጭን ነበር፣ ከእሱ ቀመሰ።»

ሰልዋ ስለዚህ ጠይቃችሁ ነበር ወይ አለችው። ጠይቃ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ እንደተከፈተ መጥታ፣ ሁለቱም ማሳ ጎርፍ ጠጥቷል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ጠጥቷል አሏት፤ ሁለቱም ማሳ እርጥብ ነበር፤ ጻፈች። እንዳለው ፊቷን አይቶ፣ «ዋሸን እንዴ?» አለ። አልዋሻችሁም አለችው። አልዋሹም። ሁለት ዘር ማወዳደር ማለት ለሁለቱም እኩል መስጠት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ እንግዳን ከቤት ልጅ እኩል ማየት ስድብ ነው ብለው ያደጉ ናቸው። ሰልዋ እዚሁ አገር ተወልዳ፣ እዚሁ እንግዳ ሲመጣ አልጋዋን እየለቀቀች አድጋ፣ ይህን አለመጠርጠሯ ጀዊሪያን ገረማት። ከዚያ ደግሞ እሷም ብትሆን አፈሩን ባታይ ኖሮ እንደማትጠረጥር ገባት፤ ይህን ሐሳብ ግን ወዲያው ገፋችው።

ነገሩ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ዘሩ ድቅል ነው፤ ከምርቱ ለከርሞ ዘር አይቀመጥም፣ በየዓመቱ ከድርጅቱ መግዛት ነው። ዛሬ ይህን ማሳ ያየ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ደጋሊቱን ትቶ እንግዳውን ይዘራል። ሰቡ ጎርፍ ግን በዓመት ለሁሉም አይዳረስም፤ ገሚሱ መሬት የሚያገኘው ቀጭኑን ነው። ቀጭን ውኃ ጠጥቶ ይህ ዘር ምን እንደሚሰጥ ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ሰልዋም፣ ድርጅቱም። ጀዊሪያ ይህን ሁሉ በሥርዓት አሰበች። ከሁሉም በታች ግን የእህቷ ፊት ነበር፤ በእንግዶቹ ፊት ቆማ ስትናገር፣ ከሰዎቹ መሀል አንድ ድምፅ «ጎርፉስ?» ብሎ ሲጠይቃት የሚሆነው ፊት። ያንን ፊት ደጋግማ ሣለችው።

መኪኖቹ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ዳይሬክተሯ ወይዘሮ መሠረት ናቸው፤ ቀጭን፣ ንግግራቸው አጭር፣ የሼህ አሊን እጅ በሁለት እጃቸው የሚጨብጡ ሴት። ሰልዋ ከኋላቸው ወረደች። ነጭ ሻርፕ፣ አዲስ ጫማ። ገበሬዎቹ ስሟን እየጠሩ ከበቧት፤ ሴቶቹ ከድስቱ ተነሥተው መጥተው ሳሟት። ጀዊሪያን ቀድመው ሰላም ብለዋታል፤ እሷን ግን ማንም ከድስቱ ተነሥቶ አልሳማትም። ሰለሞን ወደ እሷ መጥቶ የማረጋገጫውን ወረቀት አወጣና ከንግግሩ በፊት እንድትፈርም ነገራት። ከመኪናው ጀርባ ወሰደችውና ያየችውን ነገረችው። በቁፋሮዋ ያየችውን፣ ከእንዳለው የሰማችውን፣ በቅደም ተከተል።

ሰለሞን ጨዋ ሰው ነው። አላቋረጣትም። እየሰማ ሳለ አዲስ አበባ የሚጠብቀው አዲሱ ቦታው፣ ጎብዬ ባለው መጋዘን የተከመረው ዘር፣ ለክረምት የተያዘው ሽያጭ በፊቱ ላይ ተራ በተራ ሲያልፉ አየቻቸው። እሷ ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ እሰማው ነበር» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «አንቺ ስትነግሪኝ የምሰማው ሌላ ነገር ነው።»

«ምንድን ነው የሚሰሙት?»

«ታውቂዋለሽ። ቢሮው ሁሉ ያውቀዋል። ባትፈርሚ በእህቷ ቀናች ይባላል፤ ሌላ ሰው ይፈርማል፣ ያንቺም ስም ቀናተኛ እንደተባለ ይቀራል። ብትፈርሚ ደግሞ የሰልዋ የምርምር ቦታ ይለቀቃል። ላንቺ አስቤው ነበር።» ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አደረገበት። «አስቢበት። እኔ እንግዶቹን ላስቀምጥ።»

ጀዊሪያ ብቻዋን ቀረች። ያናደዳት ጉቦው አልነበረም፤ ጉቦውን ልትጠየፈው ቀላል ነበር። ያናደዳት ሰውየው ስለ እሷ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ራሷን እንደ ማሳ ልትመረምር ሞከረች። ዘሩ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ትቆፍር ነበር? ትቆፍር ነበር፤ ስምንት ዓመት ቆፍራለች። ደስ ይላት ነበር? አይላትም። እንግዲህ ደለሉም እውነት ነው፣ ቅናቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም፤ ሰው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ የሚያምነው ቅናቱን ነው። በሰዎቹ መሀል ቆማ ብትናገር ሰለሞን መልሱን አዘጋጅቷል። ሼህ አሊ በገዛ ድግሳቸው ላይ አጥፊ ሆነው ይቀራሉ። ዘሩም ይሸጣል። ዓመታት ሙሉ ሰው አያየውም ብላ ያሳደገችው ቅናት፣ ለካ ሰው ሁሉ አይቶት ኖሮ፣ ዛሬ እውነቷን አፏ ላይ እንዳለ በላባት። ይህን እውነት ሰዎች የሚያምኑት አንድ ሰው ሲናገረው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ተናግሮ የሚከስረው ሰው ነው።

ሰልዋ ከዳሱ ጀርባ ብቻዋን ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ንግግሯን ትለማመዳለች። እህቷን ስታይ፣ «እትዬ፣ ሻርፑ አልተጣመመም?» አለች። ጀዊሪያ ሻርፑን አየችው። አልተጣመመም። ያምርባት ነበር፤ ይህንንም ሳታጋንን ሳታሳንስ ነገረቻት።

«ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለቻት። «አንደኛው፣ ቀንቼብሻለሁ። ዛሬ የጀመረኝ አይደለም።»

ሰልዋ አልደነገጠችም። «አውቃለሁ» አለች። «ሁለተኛውስ?»

«የመጀመሪያውን ጎርፍ የጠጣው ያንቺ ዘር ብቻ ነው።»

የቀረውን በአጭሩ ነገረቻት፤ ዕጣውን፣ ሙህሲንን፣ የእንግዳውን ክብር፣ ደለሉን። ሰልዋ እየሰማች ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጀዊሪያ ጠዋት ሙሉ የሣለችው ፊት ይኸው ከፊቷ ቆመ። እንዳሰበችው አላስደሰታትም፤ ያስደስታት ዘንድ ትንሽ ጠበቀች፣ ደስታው ግን አልመጣም።

«ዛሬ?» አለች ሰልዋ። «ዛሬ ነው ያገኘሽው? ሁሌም እኔ የሠራሁት ላይ ጉድጓድ ትቆፍሪያለሽ። ልጅ ሆነን እንኳ ደብተሬን ስትመለከቺ የምታዪው የተሳሳትኩትን ነበር።»

«ጉድጓዱ እዚያ አለ። እኔን ማመን የለብሽም፤ ሂጂና እጅሽን ክተቺበት።»

ሰልዋ ሄደች። ጀዊሪያ ከዳሱ ጥግ ሆና አየቻት፤ በአዲሱ ጫማዋ በአገዳው መሀል ገብታ ተንበረከከች፣ እጇን ሰደደች፣ ተነሣች፣ ድንበሩን ተሻገረች፣ እንደገና ተንበረከከች። ከዚያ እንዳለውን ጠርታ አነጋገረችው፤ እሱም እጁን ወደ ተራራው እየጠቆመ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረላት። ስትመለስ ጣቶቿ አፈር ነበሩ፣ የሻርፗም ጫፍ።

«ብናገር ሹመቱን ላንቺ ይሰጡታል?» አለች።

«አላውቅም። ቢሰጡኝ ግን እምቢ አልልም።»

ሰልዋ ሳቀች፤ ደረቅ፣ አጭር ሳቅ። «መዋሸት እንኳ አይሆንልሽም» አለቻትና ወደ ዳሱ ገባች።

እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ከፊት ወይዘሮ መሠረት፣ ከጎናቸው ሰለሞን፣ ከኋላ ገበሬዎቹ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ድስታቸውን በዓይን እየጠበቁ። ጀዊሪያ ከዳር ቆመች። ሰልዋ መናገር ጀመረች። ከሁለቱ ማሳ የተገመተውን ምርት ተናገረች። ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ንግግሩን የሚጨርስላት እንዳለው መሆኑን ተናግራ እንዲነሣ ጠየቀችው። እንዳለው ሰው ፊት መናገር የሚወድ ነው፤ አካፋውን አስቀምጦ ተነሣና ሙህሲን ዕጣውን እንዴት እንደለቀቀ፣ እነሱ እንግዳን እንዴት እንደሚያከብሩ በኩራት ተረከ። ገበሬዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አጀቡት። ሙህሲን ስሙ ሲጠራ አንገቱን ደፋ። ሰለሞን መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«እንግዲህ ዘራችን ያሸነፈው የእንግዳ ድርሻ ጠጥቶ ነው» አለች ሰልዋ፣ እንዳለው ሲቀመጥ። «ሁለቱ እኩል አልጠጡም። የኛ ዘር በቀጭን ውኃ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አላውቅም እያልኩ ግዙት ማለት አልችልም።»

ሼህ አሊ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው ወድቋል። «ልጄ፣ አጠፋን ማለት ነው?» አሉ። ሰልዋ ከፊት መጥታ እጃቸውን ይዛ ዝቅ አለችላቸው። ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው፣ እንግዳ እንዳከበሩ፣ የጎደለው የእሷ ጥያቄ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን እንግዳውን እንደ ቤት ልጅ እንዲይዙላት ለመነቻቸው። ከሴቶቹ አንዷ፣ «አብሽሪ፣ ሥራ እናበዛበታለን» አለችና ሰዉ ሳቀ። ሼህ አሊም ሳቁ። ጀዊሪያ ከዳር ሆና ያንን አየች። እሷ ብትሆን እውነቱን ትናገረው ነበር፤ እንዲህ አድርጋ ግን አትናገረውም፤ በእሷ አፍ ቢሆን ሽማግሌው እስከ ማታ ፊታቸው እንደወደቀ ይቆይ ነበር። የራሷ የሆነውን አንድ ነገር ለእህቷ ሰጥታ፣ እህቷ ደግሞ ከእሷ በተሻለ ይዛዋለች።

ወይዘሮ መሠረት ማሳውን ራሳቸው ሄደው አዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ቁጣም ምስጋናም አልነበረም። የጎብዬው ዘር እንዳይንቀሳቀስ ለሰለሞን ነገሩት፤ ሙከራው ይደገማል፤ የሹመቱም ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል። ሰልዋ «እሺ» አለች። የታችኛውን ከንፈሯን ነከስ አደረገች፣ ያን ያየችው ጀዊሪያ ብቻ ናት። ከዚያ ዳይሬክተሯ ድንገት ዘወር ብለው፣ «ይህን መጀመሪያ ያየው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰልዋ ቀና ብላ እህቷን አየች። ጀዊሪያ የቆመችው ከሰለሞን ጎን ነው፤ ሰውየው እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ቃሉ አፉ ላይ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ስሟ ከተጠራ ይናገረዋል፣ በጨዋ ድምፅ፣ በሐዘኔታ፤ እህትማማቾች ናቸው፣ ትንሽ ነገር አላቸው ይላል። ያን ጊዜ ደለሉ ደለል መሆኑ ይቀርና የሁለት እህቶች ጠብ ይሆናል፤ ዘሩም ከመጋዘኑ መውጫ ያገኛል። ጀዊሪያ ይህን አሰበች፤ ካሰበች በኋላም ስሟ ቢጠራ ብላ ተመኘች። ከዚያ ለሰልዋ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አይሆንም።

«ያላየሁት እኔ ነኝ» አለች ሰልዋ።

ወይዘሮ መሠረት የተሰጣቸውን መልስ ትንሽ መዘኑትና ተዉት። ምግቡ ሊቀርብ ነው። ከምግቡ በፊት ሼህ አሊ ዱዓ ሊያደርጉ ተነሡ፤ ሙስሊሙ መዳፉን ዘረጋ፣ እንዳለውና ሌሎቹ ክርስቲያኖች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ሽማግሌው ለዝናቡ፣ ለሰላሙ፣ ለመንገዱ፣ ለእንግዶቹ ለመኑ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰልዋ አዙረው ለእሷ ብቻ ጀመሩ፤ እውነት የተናገረች ምላሷ አትታጠፍ፣ የዘራችው ይብቀል፣ የሄደችበት ይቃናላት፣ ያሳደጓት አይፈሩባት። በየመካከሉ ሕዝቡ አሚን ይላል። ሰልዋ አንገቷን ደፍታ መዳፏን ታያለች፤ አፈሩ ገና አልታጠበም።

የጀዊሪያም መዳፍ ተዘርግቷል። በመዳፏ ስንጥቆች ውስጥ ያለው አፈር ከዚያው ማሳ ነው፣ ቀድሞ የገባ ነው። የመጀመሪያው አሚን አለፋት። ሁለተኛውም አለፋት። ጎኗ የቆመችው ሴት ቀና ብላ አየቻት። ሽማግሌው ለመጨረሻው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ያረብ፣ ይህችን ልጅ ከምቀኛ ዓይን ጠብቃት አሉ፤ ዳሱ ሁሉ አሚን አለ። ጀዊሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ሰዉ ሁሉ ብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ብቻውን በሚሰማ ድምፅ፣ አሚን አለች።